እንግሊዝኛ ተምሬ ምን እሆናለሁ?

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ልጅ ሲቪ ልታጽፍ ቢሮዬ መጣች። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ፣ እንግሊዝኛ ነው የምትማረው። ዘንድሮ ተመራቂ ናት። ስሟን ጻፍን፣ ስልኳን ጻፍን፣ ጂፒኤዋን ጻፍን። «የሥራ ልምድ» የሚለው ጋ ስንደርስ ዝም አለች። እኔም ጣቴን ኪቦርዱ ላይ አድርጌ ጠበቅኋት።

«እዚህ ምን ይባላል፣ እትዬ?»

«እስካሁን የሠራሽው ነገር ካለ እሱን ነው።»

«ምንም የለም። እንዲያውም ስመረቅ ምን ላይ እንደምወዳደርም አላውቅም። አካውንቲንግ የተማሩት ባንክ ይላሉ። ነርሶቹ ሆስፒታል ይላሉ። እኛ ምን እንበል?»

የዚያን ቀን የረባ መልስ አልሰጠኋትም። ከኋላዋ ፎቶ ኮፒ የሚጠብቅ ሰው ነበር፣ መብራትም ሊሄድ ይችላል ብዬ ፈርቼ ነበር። «አይዞሽ፣ ብዙ ነገር ነው የሚሠራበት» አልኳት። ይቺን ዓይነት መልስ እኔም በተማሪነቴ ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ልጅቷ ከሐሳቤ አልወጣችም። ሐሙስ ተመልሰሽ ነይ ብያት ስለነበር፣ እስከዚያ ልነግራት የሚገባኝን ማሰብ ጀመርኩ። የምጽፈው እሱን ነው።

እኔም እዚያው ግቢ ነው የተማርኩት። እንግሊዝኛን መርጬ አልገባሁም፤ ምደባው ነው ያመጣልኝ። ጎንደር ውስጥ «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባች» ሲባል ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው «ሕክምና ነው?» ብሎ ነው። ምክንያት አለው። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተባለው በ1996 ዓ.ም. ነው። በመሃል ባለው ግማሽ ምዕተ ዓመት ከተማው ከፍተኛ ትምህርትን የለመደው በነጭ ጋዋን ነው። አባቴ ዲፓርትመንቴን ስነግረው ትንሽ አሰበና «እንግሊዝኛማ ስትማሪው የኖርሽው አይደል እንዴ? ሦስት ዓመት ሙሉ ደግሞ ምኑን ነው የሚያስተምሩሽ?» አለኝ። ክፋት አልነበረውም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ነው። ቋንቋው ለእሱ ትምህርት የሚቀርብበት ሳህን ነው፤ ሳህኑን ራሱን ምን ብለው ያስተምሩታል?

ደስ ያላቸው አያቴ ብቻ ነበሩ። የእናቴ አባት ናቸው፤ መሪጌታ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ቤታቸው ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ወረድ ብሎ ነው። ጋቢያቸውን ለብሰው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ነገርኳቸው።

«ትርጓሜ ቤት ገባሽ ማለት ነዋ!» አሉኝ።

አሳዝኛቸው ሊያጽናኑኝ መስሎኝ ነበር። የምራቸውን ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ትርጓሜ ሰው ዜማውን፣ ቅኔውን ካለፈ በኋላ የሚደርስበት ነው። ጉባኤዎቹ አራት ናቸው፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መጻሕፍተ መነኮሳት። አራቱን የዘለቀ «አራት ዓይና» ይባላል። የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉት የትርጓሜ ስልቶች ስማቸው የሚነሣው ከጎንደር ጋር ነው። መምህሩ የግእዙን ንባብ ያስነብባል፣ ነጠላውን፣ ማለት ቃል በቃል ትርጉሙን፣ በአማርኛ ይሰጣል፣ ቀጥሎ «አንድም» ብሎ ሌላውን ምሥጢር ያወጣል፣ ደግሞ «አንድም» ይላል። ለአያቴ የሰው ቋንቋ ለመተርጎም ሦስት ዓመት መቀመጥ ምንም የሚያስገርም ነገር የለውም። እንዲያውም ያንስ ይሆናል።

«እስቲ አንድ ንባብ አምጪ» አሉኝ።

ከደብተሬ ሁለት መስመር አነበብኩላቸው። «ሂ ዌንት ሆም» አልኩ። «ሂ ሃዝ ጎን ሆም» አልኩ።

«ነጠላው?»

«ወደ ቤቱ ሄደ።»

«የኋለኛውስ?»

«እሱም ያው ነው፤ ሄደ።»

«ሁለት ንባብ፣ አንድ ትርጉም? ሰዎቹ ቃል የሚተርፋቸው ይመስልሻል?»

እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ እንደተማርኩት «የኋለኛው ሃዝ ሲደመር ቪ ስሪ ነው» ልላቸው አልችልም። ዝም አልኩ። «መቼ መቼ ነው የኋለኛውን የሚሉት?» ብለው ጠየቁኝ። ሰው ቤት ሄደሽ «እገሌ አለ?» ብለሽ ስትጠይቂና ሲጠፋ ነው አልኳቸው። ሳቁ። «እንግዲያ እሱ ‹ሄዷል› ነዋ! ሄዷል፤ አሁን እዚህ የለም። የፊተኛው ‹ሄደ› ነው። አለቀ።»

ይኼ ነገር ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሲያስጨንቀኝ የነበረ ነው። ቀመሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ፈተና ላይ ባዶ ቦታ እሞላበታለሁ። ምን እንደሚል ግን አላውቅም ነበር። አንድ ፊደል እንግሊዝኛ የማያውቁ ሽማግሌ፣ አማርኛቸውን አጥብቀው ስለሚያውቁ ብቻ፣ ከግድግዳ ሥር ተቀምጠው ፈቱልኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርቱን የያዝኩበት መንገድ ተለወጠ። እያንዳንዱን ነገር ወደ አማርኛ አምጥቼ እጠይቀዋለሁ። ፎኖሎጂ ክፍል ውስጥ አማርኛ በመጥበቅና በመላላት ትርጉም እንደሚለይ ያስተዋልኩት ያኔ ነው። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ መኖር ነው። «ይመታል» ስትል መቺው ነው ወይስ ተመቺው? ፊደሉ አይነግርህም፤ ድምፁ ነው የሚነግርህ። እንግሊዝኛ ቃል በዚህ መንገድ አይለይም። የእኛ ሰው «ስኩል» ለማለት «እስኩል» የሚልበትም ምክንያት ስንፍና አይደለም። አማርኛ ቃል ሲጀምር ሁለት ተነባቢ አያጋጭም፤ በፊት በር የምታስገባ «እ» ያበጅለታል። እነዚህን ካወቅህ በተማሪህ አትስቅም።

ሲንታክስ ደግሞ ሌላ ነገር አሳየኝ። እንግሊዝኛ ግሡን ቶሎ ይናገራል። አማርኛ እስከ መጨረሻው ይዞት ይቆያል። ፍርድ ቤት የቆመ ሰው «ገንዘቡን በዚያን ዕለት ከእሱ ላይ፣ ሚስቱ ባለችበት፣ በእጄ…» ብሎ ሲጀምር ተቀብሎ ይሁን አልተቀበለ አይታወቅም። «ተቀበልኩ» ይላል ወይ «አልተቀበልኩም» ይላል። አስተርጓሚ ሆነህ ቀድመህ አፍህን ብትከፍት ሰው ታሳስራለህ። እስኪጨርስ መጠበቅ፣ ሁሉንም በጭንቅላት መያዝ፣ ከዚያ ገልብጦ ማቅረብ ያስፈልጋል። ይህ ሙያ ነው። «እንግሊዝኛ ይችላል» ከሚባለው ነገር በጣም ይለያል።

ልጅቷ የጠየቀችኝ ስለ ሥራ ስለሆነ ወደዚያው ልግባ።

እኔ የጀመርኩት በማስተማር ነው። ዲግሪው ብቻ አስተማሪ አያደርግም፤ የማስተማር ሙያ ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ይጨመርበታል። እሱን ይዤ ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለ ወረዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት አስተማርኩ። አንድ ክፍል ከስልሳ በላይ ተማሪ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ። ያ ቀመር እዚያም ጠበቀኝ። ሃዝ ሲደመር ቪ ስሪ። ሁሉም ያውቁታል፤ ማንም አይናገረውም።

አንድ ቀን ጠመኔውን አስቀመጥኩና ከኋላ የተቀመጠውን ልጅ ውጣ አልኩት። ከበሩ ውጭ ቆመ። «እሱ የት አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ወጥቷል!» አሉኝ በአንድ ድምፅ። «ወጣ አላላችሁም። ለምን?» ዝም አሉ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «አሁንም ውጭ ስለሆነ» አለች። ሰሌዳው ላይ «ወጥቷል» ብዬ ጻፍኩ፤ ከጎኑ እንግሊዝኛውን ጻፍኩ። ክፍሉ ውስጥ «አሃ» የሚል ድምፅ ሲሄድ ሰማሁት። ልጁን ስናስገባው «ገብቷል» አሉ፤ ያንንም በእንግሊዝኛ አሉት። ቀጥሎ የሚለያዩበትን ነገርኳቸው። አማርኛ «ትናንት ሄዷል» ቢል ማንም አይቆጣውም፤ እንግሊዝኛ ግን «ትናንት» ካለበት «ሃዝ ጎን» አይልም። የሚመሳሰሉበትን ካዩ በኋላ የሚለያዩበት አላስቸገራቸውም።

ያንን ክፍል እስካሁን እወደዋለሁ። የተውኩትም ጠልቼው አይደለም። የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ እናቴን መርዳት ተደምሮ ደመወዙ ወር አያደርስም ነበር። አገሩ ከዚህ ዲፓርትመንት አብዝቶ የሚፈልገው አስተማሪ ነው፤ ለአስተማሪው የሚከፍለው ግን በጣም ትንሽ ነው። ይህ ያበሳጨኛል። ልጅቷን «አስተምሪ» ለማለት አፌ ሲከፈት የሚይዘኝም ይኸው ነው። ቢሆንም እላታለሁ። ሁለት ዓመትም ቢሆን ታስተምር። አንድን ነገር የምታውቂው መሆንሽ የሚለየው ለስልሳ ልጅ ስታስረጂው ነው።

ጓደኛዬ ደግሞ አስጎብኚ ሆነ። ጎንደር ላይ ይህ ሥራ ከቋንቋ ተማሪ ጋር ተዋውቆ የኖረ ነው። ፋሲል ግቢ ከ1979 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ጥምቀት ሲሆን ከተማው በእንግዳ ይሞላ ነበር። ጓደኛዬ መጀመሪያ ሰሞን የበካፋን የግብር አዳራሽ ለእንግዶች ሲያስጎበኝ «ንጉሡ ታክስ የሚሰበስቡበት ቤት» ብሎ ተረጎመው። አንዲት ሴትዮ «ታዲያ ለምን ይኼን ያህል ትልቅ ሆነ?» ብላ ጠየቀችው። ያን ጊዜ ነቃ። ግብር አንዱ የሚከፈለው ነው፤ አንዱ ግን የሚበላው ነው፤ ንጉሡ ግብር አገቡ የሚባለው። ማታ መጥቶ ሲነግረኝ ከልቡ አዝኖ ነበር። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቃል ግቢው ውስጥ ካሉ አዛውንት እየጠየቀ በደብተር ጻፈ። እኔ ከማውቃቸው አስጎብኚዎች ሁሉ እሱን የሚያህል የለም።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ። ቀጥሎ ጦርነት። ሆቴሉም አስጎብኚውም አብሮ ተቀመጠ። ብዙዎቹ ባጃጅ ገዙ፣ አንዳንዶቹ አገር ለቀቁ። ጓደኛዬ ደብተሩን ይዞ ቆየ። በ2015 የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ሰዉ በመተማ በኩል ይገባ ጀመር፤ ዕርዳታ ድርጅቶችም መጡ። ሪፖርታቸው በእንግሊዝኛ ነው። የወረዳው ሰው፣ የቀበሌው ሰው የሚነግራቸው በአማርኛ ነው። በሁለቱ መሃል የሚቆም ሰው ያስፈልጋቸዋል። ጓደኛዬ እዚያ ገባ። ዛሬ ሪፖርት ጸሐፊ ነው። የተቀጠረው ጥሩ እንግሊዝኛ ስለሚናገር ብቻ አይደለም። አንዲት እናት «ልጆቼ ጦም ውለው አደሩ» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶት፣ ያንን ለማያውቀው ሰው በሚገባ ዓረፍተ ነገር ስለሚጽፍ ነው።

የቀሩት የክፍላችን ልጆች የትም አሉ። ሁለቱ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ናቸው፤ የዚያ ክፍት የሥራ ማስታወቂያ ጋዜጠኝነት ሲል አጠገቡ «እንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ» የሚለው ብዙ ጊዜ አይጠፋም። አንዷ ሆስተስ ሆናለች። አንዱ ሬዲዮ ጣቢያ ዜና ይተረጉማል። አንዱ የማስተርስ ተማሪዎችን ጥናት ቋንቋ ያርማል፤ ግንቦትና ሰኔ እንቅልፍ የለውም። አንዱ ነገረ ሥራው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ነው፤ መረብ ሲቋረጥ እንጀራውም ይቋረጣል። ሥራ ያጡም አሉ፤ ይህን መደበቅ ለልጅቷ አይጠቅማትም። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ ሃምሳ ከመቶ ሳያመጡ ዲግሪ የለም። ሲቪዋ ላይ ከጂፒኤው ቀጥሎ እሱን መጻፍ አለባት።

ሥራ ካገኙት ውስጥ ግን አንድ ነገር አያለሁ። የበረቱት እንግሊዝኛቸው ከሁላችን የተሻለው አልነበሩም። አማርኛቸውን ያልናቁት ናቸው። ዶርም ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ እናውራ ተባብለው፣ አማርኛ መጽሐፍ ማንበብ የኋላ ቀር መስሎ የታያቸው ልጆች ነበሩ። ምላሳቸው ይፈታል፤ ያስቀናል። ደብዳቤ ተርጉሙ ሲባሉ ግን የሚያሳርፉበት አማርኛ የላቸውም። ቀጣሪ ደግሞ አንዱን ብቻ የሚችል ሰው ብዙም አይፈልግም። እንግሊዝኛ ብቻ የሚችል ሰው ከፈለገ ከውጭ ያመጣል። ከእኛ የሚፈልገው መሻገሪያውን ነው።

አሁን የምሠራው ትርጉም ቤት ነው። ፒያሳ፣ አንድ ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ውክልና፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፤ ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው። ቀላል ይመስላል። እኔንም መስሎኝ ነበር።

በጀመርኩበት ዓመት አንድ ወጣት የልደት ወረቀቱን ሰጠኝ። ታኅሣሥ 27 ቀን 1990። ሰባት ዓመት ደመርኩና 1997 ብዬ ጻፍኩ፤ ማኅተም አደረግሁ። ከወር በኋላ ተመልሶ መጣ። ኤምባሲው ወረቀቱን መልሶለታል፤ ፓስፖርቱ 1998 ይላል። ጥፋቱ የእኔ ነው። የአውሮፓውያን ዓመት የሚለወጠው በእኛ ታኅሣሥ መሃል ነው። የዚያን ዓመት ታኅሣሥ 22 ዲሴምበር 31 ነበር፤ ታኅሣሥ 23 ጃንዋሪ 1 ሆነ። ከዚያ በፊት ሰባት ትደምራለህ፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት። አምስት ቀን ነው የበላሁት። ልጁ ግን ቀጠሮው ሁለት ወር ተገፋ። አልተቆጣኝም፤ «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብሎ ተቀመጠ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀን ሳልቆጥር አልጽፍም። ሰዓትም እንደዚሁ ነው። «በ9 ሰዓት ይቅረቡ» የሚል የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ለሚያነበው ሽማግሌ ጠዋት 3 ሰዓት ብለህ ካልነገርኸው ከሰዓት በኋላ ይሄዳል።

አሁን አሁን ሰዎች በስልካቸው አስተርጉመው ይመጡና «ማኅተም ብቻ አድርጊልኝ» ይላሉ። ጉግል አማርኛን ካስገባ ከ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ማለት ነው፤ ዛሬ ደግሞ ከእሱ የበረቱ አሉ። መሣሪያዎቹን አልጠላቸውም፤ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ፤ ረጅም ውል ሲሆን ጊዜ ይቆጥባሉ። ግን አንድ የጋብቻ ወረቀት ላይ የሙሽሪት እናት ስም «ጥሩነሽ» የነበረው «ዩ አር ጉድ» ሆኖ አግኝቻለሁ። ማኅተም ባደርግበት ኖሮ የዚያች ልጅ እናት በወረቀት ላይ የለችም። ልጅቷ «ይኼ ማሽን እኮ ሥራችንን ሊወስደው ነው» ብትለኝ የማሳያት ያንን ወረቀት ነው። ማሽኑ የሠራውን አንብቦ የሚያርም ሰው ከማሽኑ በላይ ሁለቱን ቋንቋ ማወቅ አለበት።

ሐሙስ ልጅቷ በቀጠሮዋ መጣች። እያወራን ሳለ አንዲት እናት ገቡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፣ ወረቀት ሰጡኝ። የወንድማቸው ልጅ ከኢሜይል አውጥቶ ፕሪንት ያደረገላቸው ነው። ልጃቸው ውጭ አገር ወልዳለች፤ ሊሄዱላት ቪዛ ጠይቀው ነበር።

«‹ታንኪው› ይላል አይደል ልጄ? ምስጋና ነው አይደል?»

አየሁት። አዎ፣ ይላል። ስላመለከቱ እናመሰግናለን ይላል። ቀጥሎ ማመልከቻዎን በጥንቃቄ ተመልክተናል ይላል። ሦስተኛው አንቀጽ የሚጀምረው «ሃውኤቨር» ብሎ ነው። እንግሊዝኛ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንዲህ ነው፤ «ግን» እስኪመጣ ድረስ ያመሰግናል። የእኛ ደብዳቤ «ጉዳዩ፦» ብሎ ከላይ ይነግርሃል። ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ተረጎምኩላቸው። «ዳሩ ግን» ስል ዓይናቸውን ከወረቀቱ አነሡ።

«መጣ» አሉ።

የተከለከሉበት ምክንያት ጉብኝታቸው ሲያበቃ ወደ አገራቸው እንደሚመለሱ አላሳመኑንም የሚል ነው። ከአገራቸው ጋር የሚያስራቸው ነገር አልታየንም ይላል። ይህንንም ነገርኳቸው።

«የሚያስረኝ?» ጣታቸውን ይቆጥሩ ጀመር። «ቤቴ አለ። የባሌ መቃብር አለ። እድሬ ሠላሳ ዓመቴ ነው። የሥላሴ ጽዋዬ ሰኔ 7 ተራዬ ነው። ጽዋዬን ጥዬ የት እቀራለሁ? ምን ነው እነዚህ ሰዎች!»

እንደገና ማመልከት ይቻላል፤ ደብዳቤው መጨረሻ ላይ አለ። ማብራሪያ እንጻፍ አልኳቸው።

በጎንደር የተማረ ሰው መልስ ያላገኘ ደብዳቤ ያውቃል። አንዱ ግቢያችን ስሙ ቴዎድሮስ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለንግሥት ቪክቶሪያ በአማርኛ ጻፉ። ደብዳቤው በማግሥቱ ዓመት ለንደን ደረሰ፤ አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀመጠ፤ መልስ አልተጻፈለትም። መቅደላ ድረስ የሄደው ነገር ከዚያ ቁጣ ነው የሚነሣው። የዚያ ደብዳቤ ችግር ቋንቋ አልነበረም። ቢሆንም ደብዳቤ ስጽፍ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል፤ ወረቀት ላይ ሊያልፉት የማይችሉት ነገር እንዲኖር እፈልጋለሁ።

ልጅቷን «ነይ አንቺ ጻፊ» አልኳት። ወንበሬን ለቀቅሁላት። እናትየዋ ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። ጽዋው ላይ ቆመች። «ማኅበር ብቻ ልበለው?» አለችኝ። ማኅበርማ ብዙ ነው። በየወሩ በ7 ቀን በአንዱ ቤት የሚሰበሰብ፣ ተራው የደረሰው ሰው የሚደግስበት፣ ሰው ተራውን ጥሎ የማይቀርበት መሆኑን ጻፊ አልኳት። ሰኔ 7ን ቆጠርን፤ ጁን 14 ነው። «ጁን 14 በእኔ ቤት ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ወጣ። የመመለሻ ቀን ማለት ነው። ከባንክ ወረቀት የማያንስ ማስረጃ ይመስለኛል።

እናትየዋ ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ አራስ ናት» አሉ። «ሴት ልጅ ናት የወለደችው፤ ሰማንያዋ ሳይደርስ ብደርስላት ብዬ ነበር። ማን ያርሳታል?»

የልጅቷ ጣት ኪቦርዱ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ይኼ ምን ይባላል?»

ለማየት ያህል ስልኬ ላይ ጻፍኩት። በሬና እርሻ አመጣልኝ። ስልኩን አስቀመጥኩት። «ነጠላውን ተዪው» አልኳት። «አንድም ብለሽ ጀምሪ። አራስ ማለት ምን ዓይነት ሰው ናት?»

አሰበች። የወለደች አለች። ገና ያልጠነከረች፣ ከአልጋ የማትወርድ፣ ሰው የሚያበላት አለች። ማረስስ? ገንፎ ማገንፋት፣ ሕፃኑን መያዝ፣ እሷን ማሳረፍ። እናቷ ናት የምታደርገው። እናት ከሌለች አክስት። አንዱን ቃል ሦስት ዓረፍተ ነገር አድርጋ ጻፈችው። ልጄ ከወለደች ሁለት ሳምንቷ ነው። በአገራችን ከወሊድ በኋላ እናት ልጇን ትመግባለች፣ ሕፃኑን ትይዛለች፣ እሷን ታሳርፋለች። ልጄ ባለችበት ይህን የሚያደርግላት ሰው የለም። ሁለት ቃል አረምኩላት፤ ሌላው የራሷ ነው።

«እስቲ አንብቢልኝ» አሉ እናትየዋ። ልጅቷ በእንግሊዝኛ እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው። ጸጥ ብለው ሰሙ። ቀጥላ እዚያው በአማርኛ መለሰችላቸው።

«እኔ ያልኩት ነው?»

«ነው፣ እማማ።»

«‹ግን› አለበት?»

ልጅቷ ወደ ስክሪኑ ዞራ እንደገና አየችው። ከላይ እስከ ታች።

«የለበትም።»

ስካን አድርገን ለልጃቸው ላክንላት። ወረቀቱን እሳቸው አራት አጥፈው ደረታቸው ውስጥ አስገቡት። መልሱ እስካሁን አልመጣም።